ሽታው ያለው ገበሩ ውስጥ ነው

መስከረም ሲጠባ ሥራዬ መልኩን ይቀይራል። ዓመቱን ሙሉ ዚፕ ስቀይር፣ እጅጌ ሳሳጥር፣ የተቀደደ ኪስ ስሰፋ እከርማለሁ። ክረምቱ አልፎ ፀሐይ ብቅ ስትል ግን ሰው ቁምሳጥኑን ይከፍታል። ሐምሌንና ነሐሴን ታፍኖ የከረመውን የቆዳ ጃኬት ያወጣል። ያሸተዋል። ከዚያ ወደኔ ይመጣል።

ባለፈው ሰኞ የመጣው ልጅ ዕድሜው ከሃያ አምስት አይበልጥም። ጃኬቱን ጥቁር ፌስታል ውስጥ ከቶ አፉን ሁለቴ ቋጥሮታል። "እትዬ፣ እዚህ ውስጥ ባትከፍቺው ይሻላል" አለኝ። ሱቄ ከኮንዶሚኒየም ሥር ያለች ጠባብ ክፍል ናት። የስፌት መኪናዬና እኔ ከገባን ለሦስተኛ ሰው አትበቃም። ደጅ ወጥተን ቋጠሮውን ፈታሁት።

መጀመሪያ የመጣው ሽቶ ነው። ከሱ ኋላ እጣን። ከእጣኑ ኋላ ለብል የሚደረገው ነጭ ኳስ። ከሁሉም ሥር ደግሞ ያ የማውቀው የሻጋታ ጠረን አለ፤ ዝናብ ሲያፈስበት የከረመ ጓዳ የሚሸተው ዓይነት።

"ምን ምን አደረግህለት?" አልኩት።

"ሲሸተኝ ጊዜ ሽቶ ነፋሁበት። አልለቅም ሲል እማዬ እጣን አጠነችው። ጎረቤታችን ደግሞ የብል መድኃኒት ጨምሩበት አለችን።" ትንሽ ዝም አለና፣ "በመጀመሪያ ደሞዜ የገዛሁት ነው። መጣል አልፈልግም" አለኝ።

አይጣልም። አገላብጬ አየሁት። ጥቁር የበግ ቆዳ ነው፤ ልስልስ ያለ፣ ስፌቱም ያልላላ። የሀገራችን በግ ቆዳው ስስ ሆኖ ጠንካራ ነው። የውጭ ጓንት ሠሪዎች የሚፈልጉትም ለዚህ ነው። እንዲህ ያለ ቆዳ ስለሸተተ ብቻ ሲጣል ማየት ያናድደኛል። በየዓመቱ አያለሁ፤ በየዓመቱ ያናድደኛል። ዛሬ የምጽፈውም ለዚሁ ነው። ብዙው ሥራ እቤት የሚሠራ ነው። የሚያስፈልገውም አቼቶ፣ ቤኪንግ ሶዳ፣ ከሰል፣ አየርና ትዕግሥት ብቻ ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ስለ እጣኑ ልናገር። የልጁ እናት የሠሩት ማናችንም የምንሠራውን ነው። እኛ ዘንድ ማጠን ማለት ማጽዳት ማለት ነው። የወተት ቅል በወይራ ይታጠናል። ቤት በእጣን ይታጠናል። የሀገር ልብስም ይታጠናል። ነገር ግን ቅሉ ከመታጠኑ በፊት በደንብ ይታጠባል፣ ይታሻል። ነጠላውም ታጥቦ ነው ጢስ የሚያየው። የቆዳ ጃኬት ደግሞ ውሃ ሳይነካው፣ ላቡና ሻጋታው እንዳለ ነው የምናጥነው። ጢሱ ከላዩ ይለጠፋል፤ የታችኛው ሽታ ከታች ይቀራል። አጎቴ "ቆዳ ይጠጣል" ይሉ ነበር። እውነታቸውን ነው። ቆዳ እርስ በርሱ የተጠላለፈ ቀጭን ክር ነው፤ በመሃሉ ክፍተት አለ። እርጥበት ያስገባል፣ ጢስ ያስገባል፣ ሽቶም ያስገባል። ቶሎ የሚጠጣውን ያህል ግን ቶሎ አይለቅም።

ሥራውን የተማርኩት መርካቶ፣ ከኒሁ አጎቴ ዘንድ ነው። በ1993 ዓ.ም. ጀመርኩ። እሳቸው የሚሸት ጃኬት ሲመጣላቸው መጀመሪያ ቆዳውን አያዩም። ገልብጠው ገበሩን ወደ ውጪ ያወጡታል። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፍነው ያሸታሉ። ኮሌታውን፣ ሁለቱን ብብት፣ የእጅጌውን ጫፍ፣ የኪሱን ጥግ። "ሽታው የቱ ጋ ነው?" ብለው ይጠይቁኛል። መጀመሪያ ሰሞን "ሁሉም ጋ ነው" እላለሁ። "ሁሉም ጋ የሚሸት ልብስ የለም፤ እንደገና አሽቺው" ይሉኛል። እውነትም አንድ ቦታ ይገኛል። እስካሁን በእጄ ካለፉት ውስጥ ከቆዳው ይልቅ ገበሩ የሚሸተው ይበልጣል። ገበር ጨርቅ ነው። ከሰውነት ጋር ተጣብቆ የሚውለውም፣ ላብ የሚጠጣውም እሱ ነው። ሰው ግን ስሙ የቆዳ ጃኬት ነውና ቆዳውን ሲወለውል ይውላል።

የልጁንም ጃኬት እንደዚያው ገለበጥኩት። ሁለቱ ብብቶች ላይ ገበሩ ከሌላው ቦታ ጠቆር ብሎ ደርቋል፤ በጣት ሲነካ ወረቀት ወረቀት ይላል። ያ የከረመ ላብ ነው። የግራ ኪሱን እስከ ጥጉ ገልብጬ አራገፍኩት። የደረቀ የጫት ቅጠል ብናኝ፣ የሶፍት ቁራጭ፣ አንድ የአንድ ብር ሳንቲም ወደቀ። ኪሱ ጥግ ላይ ስፌቱ ሥር የገባው ብናኝ እርጥበት ይዞ ነጭ ነጭ ጭርት አውጥቷል። ሻጋታው የጀመረው ከዚያ ነው። ኮሌታው ሥርም እንደ አመድ ያለ ነገር ይታያል። ልጁ አጎንብሶ አየና "እኔ እኮ እዚያ አላየሁም" አለ። ብዙ ሰው አያይም። ኪስ የሚገለብጥ የለም።

ሻጋታ ካለ መጀመሪያ ደረቁን ነው የሚሠራው። ደጅ ይወጣል፣ አፍና አፍንጫ ይሸፈናል፣ በለስላሳ ብሩሽ ይራገፋል። ቤት ውስጥ ማራገፍ ብናኙን ወደ ሌላው ልብስ መበተን ነው። ብሩሹም ወዲያው ይታጠባል። ከዚያ አየር። ጃኬቱ ትከሻው ሰፊ በሆነ መስቀያ ላይ፣ ዚፑ ተከፍቶ፣ ኪሶቹ ተገልብጠው፣ ነፋስ በሚያልፍበት ጥላ ውስጥ ይሰቀላል። በረንዳ ጥሩ ነው። መተላለፊያ ኮሪደርም ጥሩ ነው። አንድ ቀን አይበቃም። ሦስት ቀን፣ አራት ቀን ይቆይ። ቀላል ሽታ ከሆነ በዚህ ብቻ የሚያልቅበት ጊዜ አለ። ሌላ ነገር የምትነኩት ከዚህ በኋላ ነው።

ፀሐይን በተመለከተ አደራ እላለሁ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ናት፤ ፀሐይዋ ትጠብሳለች። ጥቁር ቆዳ እኩለ ቀን ላይ ተሰጥቶ ሲውል ቀለሙ ይገረጣል፤ ውስጡ ያለው ቅባት ይደርቅና ይሰነጠቃል። የተሰነጠቀ ቆዳ ደግሞ አይመለስም። እኔ የጠዋት ፀሐይ ብቻ ነው የማሳየው። ያውም ገልብጬ፣ ገበሩ ወደ ውጪ ሆኖ፣ ለ20 ደቂቃ። የፀጉር ማድረቂያና ካውያ ጭራሽ አይታሰብም። አሜሪካ ያለችው የአክስቴ ልጅ እዚህ የገዛችውን ጃኬት በክረምት የቤት ማሞቂያ አጠገብ ሰቅላ አደረች። ጠዋት ክርኑ ላይ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቆ አገኘችው። በዋትሳፕ ፎቶ ልካልኝ ምንም ልረዳት አልቻልኩም።

አሁን ወደ አቼቶው። ነጩን ነው የምለው፤ ቀለም ያለው ይበክላል። አንድ ስኒ አቼቶ ለአንድ ስኒ ውሃ። ንጹሕ ነጭ ጨርቅ ይነከርና ጥብቅ ተደርጎ ይጨመቃል። እጅ ላይ ሲያርፍ ቅዝቃዜው ይሰማል እንጂ ውሃ አይተውም። እንደዚያ ካልሆነ ገና ነው፤ እንደገና ይጨመቅ። መጀመሪያ የማይታይ ቦታ ላይ፣ ለምሳሌ ከኮሌታው ሥር፣ የጣት ጥፍር በሚያህል ስፋት ይሞከራል። ቀለሙ ጨርቁ ላይ ከመጣ እዚያው ይቆማል። ካልመጣ ከላይ ወደ ታች፣ ቦታ በቦታ ይወለወላል። ማሸት የለም፤ መጥረግ ብቻ። ጨርቁ ሲቆሽሽ ይገለበጣል። የሲጋራ ወይም የወጥ ቤት ጢስ የጠጣ ጃኬት ላይ ይህን ስትሠሩ ጨርቁ ቢጫ ሆኖ ይመጣል። ያንን ስታዩ መሸተቱ ለምን እንደነበር ይገባችኋል።

የአቼቶው ሽታ አያስፈራችሁ። ሲተን አብሮ ይሄዳል፤ አንድ ቀን አየር ካገኘ አይቀርም። ለምን አቼቶ እንደሚስማማውም ሞጆ አንድ ቆዳ ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራ ደንበኛዬ አስረድቶኛል። የለፋ ቆዳ፣ ማለትም ጥሬው ተሠርቶ ለስፌት የደረሰው፣ ወደ አሲድ ያደላል። ከ7 በታች አሲድ በሚባልበት፣ ፒኤች በሚሉት መለኪያ ላይ 4 እና 5 አካባቢ ነው። ስለዚህ የቀጠነ አቼቶ ብዙ አያስከፋውም። ሳሙናና ኦሞ ግን የተገላቢጦሽ ናቸው፤ ያደርቁታል፣ ያጠነክሩታል። ቤኪንግ ሶዳም ከ8 በላይ ስለሆነ በቀጥታ ቆዳው ላይ አይነሰነስም። ይህን ከመስማቴ በፊት እኔም እነሰንስ ነበር። አንድ ቡናማ ጃኬት ትከሻው ላይ ግራጫ ሆኖ ቀርቶብኝ ለባለቤቷ ካሳ ከፍያለሁ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ቤኪንግ ሶዳውን አሁን የምጠቀመው በካልሲ ነው። ንጹሕ የጥጥ ካልሲ ውስጥ ሦስት አራት ማንኪያ አድርጌ አፉን አስራለሁ። አንዱን በቀኝ እጅጌ፣ አንዱን በግራ፣ ሁለቱን ብብቱ ጋ አስቀምጣለሁ። ጃኬቱን ካርቶን ውስጥ አጋድሜ ክዳኑን እዘጋለሁ። አንድ ሌሊት ወይም ሁለት። ከሰልም እንዲሁ ነው። ያልተቀጣጠለ፣ ደረቅ ከሰል፣ በአሮጌ ጨርቅ ተቋጥሮ። ጥቁሩ እንዳይነካካ ጨርቁ ድርብ ይሁን። ለእርጥበትና ለሻጋታ ጠረን ከሁለቱ ከሰሉን እመርጣለሁ። ለላብ ደግሞ ሶዳውን።

ቡናስ የምትሉ ትኖራላችሁ። በየሳምንቱ የሚጠይቀኝ አለ። የተፈጨ ደረቅ ቡና በጨርቅ ተቋጥሮ ጫማ ውስጥ ቢያድር ደስ ይላል። ጃኬት ላይ ግን አብዛኛው ሥራው በራሱ ሽታ መሸፈን ነው፤ ነጣ ያለ ቆዳም ይበክላል። የጀበና አተላ ደግሞ በደንብ ሳይደርቅ ከገባ ራሱ ይሻግታል። የፍሪጅ በረዶ ቤት ውስጥ ማሳደርም አይረዳም። ብርዱ ሽታ የሚያመጡትን ተሕዋስያን ያስተኛቸዋል እንጂ አይገድላቸውም፤ ሲሞቅ ይነሣሉ።

የልጁ ጃኬት ሰኞና ማክሰኞን ደጃፌ ላይ ተሰቅሎ ዋለ። ረቡዕ ወለወልኩት። ሐሙስ ሳሸተው ሽቶው ጠፍቷል፣ የብል መድኃኒቱም ለቋል፣ እጣኑ እንደ ሩቅ ነገር ሆኗል። ብብቱ ግን ያው ነው። ስለዚህ ገበሩን ተረተርኩት።

ይህን እቤት ሞክሩ አልልም። ግን ማንኛውም ቆዳ የሚሰፋ ሰው ይሠራዋል፤ ጠይቁ። ገበሩ ከታችኛው ጠርዝና ከኮሌታው ሥር ተፈትቶ ብቻውን ይወጣል። ጨርቅ ስለሆነ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ይታጠባል፤ መጨረሻ ላይ ትንሽ አቼቶ ባለው ውሃ ይለቀለቃል። ያረጀ ከሆነ በአዲስ ይቀየራል። ለወንድ ጃኬት ሁለት ሜትር ያህል ጨርቅ ይበቃል። የልጁ ገበር ብብቱ ላይ ሳጥበው በጣቴ መሃል ሳሳ። አልተማመንኩበትም። ደውዬ ነገርኩትና ቀየርኩት። ገበሩ ወጥቶለት ራቁቱን የቀረው ቆዳ ግን ምንም አይሸትም ነበር። አፍንጫዬን የብብቱ ስፌት ላይ ለጥፌ አሸተትኩት። ቆዳ ቆዳ ብቻ ነው የሚለው። በዚህ ሥራ ውስጥ እንደዚያች ደቂቃ የሚያስደስተኝ ነገር የለም።

ከተወለወለ በኋላ ቆዳ ቅባት ይፈልጋል። አቼቶውም አየሩም ያደርቁታል። የቆዳ ቅባት በጫማ መሸጫ ይገኛል። የአተር ፍሬ የምታህል በጨርቅ ወስዶ በስሱ ማዳረስ ይበቃል። ቀለም የሌለው ይሁን። የምግብ ዘይትና ቅቤ ግን አትንኩ። ይህን ስል አያቴ ትዝ ይሉኛል። ቁርበታቸውን ቅቤ እየቀቡ በእጃቸው ሲያሹት፣ ክፍሉ ሁሉ የሚሸተው። እሱ መኝታ ነው፤ የቤቱ ጠረን ነው፤ ማንንም አያስከፋም። ጃኬት ላይ የገባ ቅቤ ግን ሲከርም ራሱ ይሸታል። ዘይቱም እንደዚያው። አንዱን አውጥቶ ሌላ ማስገባት ነው የሚሆነው።

ሱዊድ፣ ማለትም ያ ጸጉራም የሚመስለው ቆዳ፣ ለብቻው ነው። የባቲ ፍየል ስሟ በውጭ ሀገር የታወቀው ለዚህ ዓይነቱ ቆዳ ነው። እርጥብ ጨርቅ ይጎዳዋል። እሱን አየር፣ ለስላሳ ብሩሽና የከሰሉ ካርቶን ብቻ ነው የሚያዩት። ዘይት ወይም ናፍጣ የነካው ቦታ ካለ የበቆሎ ዱቄት ተነስንሶበት ያድርና በብሩሽ ይራገፋል። ለልሙጡ ቆዳም ይሠራል። ናፍጣ ግን ግትር ነው፤ ሦስት አራት ጊዜ መደጋገም ይፈልጋል። የከባድ መኪና ሾፌር ደንበኞች አሉኝና አውቀዋለሁ።

አንድ እውነት ልደብቃችሁ አልፈልግም። በደንብ ያልለፋ ቆዳ አለ። ሲደርቅ ደህና ይመስላል፤ ዝናብ ሲነካው ፍየል ፍየል ይሸታል። እሱን አቼቶም ከሰልም አያድነውም። ችግሩ ከልፋቱ ነውና። ስትገዙ ኪሱ ውስጥ እጃችሁን ከታችሁ ትንሽ አሙቁትና እጃችሁን አሽትቱ። ሻጩ ቢያይ ይየው። በዕቃው የሚተማመን ቅር አይለውም።

ሻጋታ የአየሩ እርጥበት ከ65 እና 70 በመቶ ሲያልፍ ይመቸዋል። የኛ ክረምት ለሱ ሠርጉ ነው። ስለዚህ ሰኔ ሳይገባ ጃኬቱ ይወልወል፣ ኪሱ ይራገፍ፣ ሁለት ቀን አየር ያግኝ። ከዚያ በአሮጌ የጥጥ አንሶላ ተሸፍኖ ይሰቀል። ጨርቅ ያስተነፍሳል። ቁምሳጥኑ ከግድግዳው ትንሽ ይራቅ፤ ዝናብ ባቆመ ቀን በሩ ይከፈት። ከሥሩ የከሰል ቋጠሮ ይቀመጥ፤ በወር አንዴ ይቀየር። ዝናብ መትቶት የመጣ ጃኬት በደረቅ ጨርቅ ተጠርጎ፣ ጥላ ሥር ደርቆ እንጂ እንዳለ አይገባም። ፌስታል ውስጥ ደግሞ በፍጹም። ፌስታል አየር ከልክሎ ላቡንና እርጥበቱን ከቆዳው ጋር ይቆልፍበታል። በክረምቱ ማግስት ከማያቸው ጃኬቶች እኩሌታው ከፌስታል የወጡ ናቸው።

ቅዳሜ ልጁ መጣ። ከመስቀያው አውርጄ ሰጠሁት። እዚያው በሩ ላይ ቆሞ ገለበጠው። አዲሱን ገበር በእጁ ዳሰሰ፤ ከዚያ እንዳሳየሁት ብብቱን፣ ኮሌታውን፣ የግራ ኪሱን ጥግ በተራ አሸተተ። ደግሞ አሸተተ። ቀና ብሎ አየኝና ምንም ሳይል ለበሰው። ዚፑን እስከ አንገቱ ዘጋ።

"ሳንቲምህን ኪስህ ውስጥ አድርጌልሃለሁ" አልኩት።

ሣቀ። ከፈለ፣ አመሰገነ፣ ሊወጣ ሲል ዞር አለ። "እትዬ፣ ፌስታሌስ?"

እሱን አልሰጠሁትም።